ሰሌዳውና ደጁ፦ በበርክሌይ ስለሚሰጠው የስታቲስቲክስ ከፍተኛ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ስታቲስቲክስን ከመጀመሪያው ዲግሪ አልፎ ለመማር የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ የሚያገላብጠው የዩኒቨርሲቲውን የትምህርት መዘርዝር ነው። መዘርዝሩም የትምህርቶቹን ስም፣ የሚወስዱትን ጊዜ፣ ከተማሪው የሚፈለገውን የሂሳብ ዝግጅትና የመመረቂያውን ደንብ ይነግረዋል። ነገር ግን አንድ ነገር አይነግረውም፤ ይኸውም ተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ ሲወጣ በፊቱ የተደረደረለትን አኃዝ «ከየት መጣህ? ማን ጻፈህ? እንዴትስ ተቈጠርህ?» ብሎ ለመመርመር የሚበቃ ሰው ይሆን እንደ ሆነ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ የታወቀ የትምህርት ክፍልን በዚህ ጥያቄ መመዘን ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የሚገኘውን የስታቲስቲክስ ክፍል ነው። የመረጥሁትም ደካማ ስለ ሆነ አይደለም፤ ደካማውን መንቀፍ ለማንም አይጠቅምምና። በርክሌይ ለዶክተርነት የሚያበቃውን የስታቲስቲክስ ትምህርት መልክ ካስያዙት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም የራሱ መምህራን ትምህርቱን በአደባባይ ስለ ተቹት ነው። አንድ ቤት በገዛ ልጆቹ ሲመረመር ከውጭ ሰው ይልቅ ብዙ ይገለጣል። በጽሑፉ ውስጥ የሚነሣው ዘመን ሁሉ፣ በእኛ አቈጣጠር መሆኑ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1940 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሃሮልድ ሆቴሊንግ ስለ ስታቲስቲክስ አስተማሪነት አንድ የታወቀ ንግግር አድርገው ነበር። አቤቱታቸውም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስታቲስቲክስ በኢኮኖሚክስም፣ በሥነ ልቡናም፣ በእርሻም ክፍል ተበታትኖ የሚሰጥ መሆኑ፣ የሚያስተምሩትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ በትምህርቱ ምርምር የሌላቸው፣ መሠረቱንም በሚገባ ያልተማሩ መሆናቸው ነበር። መድኃኒቱም ስታቲስቲክስን የሚያስተምረው ስታቲስቲክስን የሚመራመር ሰው እንዲሆን ማድረግ፣ ለዚህም ትምህርቱን ራሱን በቻለ መልክ ማደራጀት ነው አሉ። በዚያ ዘመን ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነበር። እኔም የምነቅፈው መድኃኒቱን ሳይሆን፣ መድኃኒቱ ከተወሰደ በኋላ የታየውን ሌላ ሕመም ነው።

በበርክሌይ ይህን መድኃኒት ከሆቴሊንግ ንግግር ሁለት ዓመት ቀድመው ማዘጋጀት የጀመሩት ጄርዚ ኔይማን ናቸው። በ1938 ከለንደን ተጠርተው ሲመጡ የተቀበላቸው የሂሳብ ክፍል ነበር። በእርሱም ሥር የስታቲስቲክስ ላቦራቶሪ አቋቋሙ፤ ነገር ግን ከሂሳብ ተለይቶ የራሱ መምህራንና የራሱ ተመራቂዎች ያሉት የስታቲስቲክስ ክፍል ለማግኘት እስከ 1955 ድረስ መታገል ነበረባቸው። በዚህም ጊዜ ውስጥ ከላቦራቶሪው እንደ ኤሪክ ሌማን ያሉ ሰዎች ወጡ። ሌማን በ1946 ዶክተርነታቸውን አግኝተው፣ በ1959 ስለ መላ ምት ፈተና ያሳተሙት መጽሐፍ በየአገሩ ለከፍተኛ ተማሪዎች እንደ ሕግ መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል።

የዚህን ቤት መንፈስ ለመረዳት ተማሪዎች ሁሉ የሚያወሩትን የጆርጅ ዳንዚግን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዳንዚግ በ1939 ወደ ኔይማን ክፍል ዘግይቶ ገባ፤ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄዎች ተጽፈው አገኘና የቤት ሥራ መስለውት ገለበጣቸው። ትንሽ ከበድ አሉኝ እያለ ሠርቶ አስረከበ። በኋላ እንደ ታወቀው ሁለቱም እስከዚያ ጊዜ ማንም ያልፈታቸው የትምህርቱ እንቈቅልሾች ነበሩ። (ታሪኩ እውነት ነው፤ ከተደጋገመበት ብዛት የተነሣ ግን ተረት መምሰሉ አልቀረም።) እኔ በዳንዚግ ችሎታ ላይ ምንም የምለው የለኝም። የሚያሳስበኝ ይህ ታሪክ የከፍተኛ ትምህርት አርአያ ሆኖ መነገሩ ነው። የታሪኩ ጀግና ከሰሌዳ ገልብጦ በወረቀት የመለሰ ተማሪ ነው። ጥያቄው ተዘጋጅቶ፣ ጠርቶና ተጽፎ ቈይቶታል። በሥራ ዓለም ለስታቲስቲክስ ሰው የሚመጣለት ጥያቄ ግን በሰሌዳ ላይ ተጽፎ አይጠብቀውም፤ ደጅ ወጥቶ ሊያገኘው ይገባል።

ለኔይማን ፍርድ ስንሰጥ ግን መጠንቀቅ አለብን። እርሳቸው ራሳቸው ከደጅ የራቁ ሰው አልነበሩም። ከኤልዛቤት ስኮት ጋር ሆነው ስለ ጋላክሲዎች አቀማመጥ ተመራምረዋል፤ ደመናን በመድኃኒት ዘርቶ ዝናብ ማዝነብ ይቻል እንደ ሆነ የተደረጉትን ሙከራዎች ለብዙ ዓመት መርምረዋል። ከሁሉ በላይ በ1934 ስለ ናሙና አወሳሰድ ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ቤት ለቤት የሚደረገው ጥናት የቆመበት መሠረት ነው። ከዚያ በፊት «ይህ መንደር አገሩን ይመስላል» ብሎ በግምት መምረጥ የተለመደ ነበር፤ ኔይማን ግን ሕዝቡን በክፍል በክፍሉ ለይቶ በዕጣ መምረጥ ለምን እንደሚሻል፣ ከየክፍሉም ምን ያህል መውሰድ እንደሚገባ በሂሳብ አሳዩ። ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ ምን ይሠራል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሱ በእያንዳንዱ የናሙና ጥናት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

በዚህ ላይ የዴቪድ ብላክዌልን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩን ማጕደል ይሆንብኛል። ብላክዌል በ1941 በ22 ዓመታቸው ዶክተርነት ያገኙ ጥቁር አሜሪካዊ ነበሩ። ኔይማን በ1942 ወደ በርክሌይ ሊያመጧቸው አስበው በዘር አድልዎ ምክንያት ሳይሆን ቀረ። ሰውየው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አሥር ዓመት ካስተማሩ በኋላ በ1954 በርክሌይ ገቡ፤ ከ1957 እስከ 1961 ክፍሉን በሹምነት መሩ፤ ከ50 በላይ የዶክተርነት ተማሪዎችንም አስመረቁ። አንድ የትምህርት ክፍል ማንን በደጁ እንደሚያስገባ መጠየቅ ከትምህርቱ ይዘት ጋር የማይገናኝ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ፣ ቀጥሎ የማነሣው ጉዳይ አሳቡን ያስለውጠው ይሆናል።

በ1973 በበልግ በበርክሌይ ለከፍተኛ ትምህርት ካመለከቱት መካከል 8,442ቱ ወንዶች፣ 4,321ዱ ሴቶች ነበሩ። ከወንዶቹ ከመቶ 44 ያህሉ ሲገቡ ከሴቶቹ የገቡት ከመቶ 35 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሰሌዳ ላይ ብቻ የሠለጠነ ተማሪ እነዚህን አራት ቁጥሮች ቢያገኝ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የልዩነቱን ፈተና ያሰላል፤ ልዩነቱም በዕጣ የመጣ አለመሆኑን ያረጋግጣል፤ ዩኒቨርሲቲው በሴቶች ላይ ያደላል ብሎ ይፈርዳል። ሂሳቡም ስሕተት አይኖርበትም።

ይህን ጉዳይ ፒተር ቢክል፣ ዩጂን ሃመልና ዊልያም ኦኮነል መርምረው በ1975 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ከሦስቱ የስታቲስቲክስ ሊቅ ቢክል ብቻ ናቸው። ሃመል የአንትሮፖሎጂ ሰው ሲሆኑ በከፍተኛ ትምህርት አስተዳደሩ ውስጥ በዲንነት ያገለግሉ ነበር፤ ኦኮነልም በዚያው መሥሪያ ቤት አኃዙን ከሚያሰናዱት ሠራተኞች አንዱ ነበሩ። እንግዲህ ነገሩን የፈታው እውቀት በሠንጠረዡ ውስጥ ያልነበረ፣ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር፤ ይኸውም ተማሪን የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለብቻው መሆኑ ነው። ውሳኔው የሚሰጠው በየክፍሉ ከሆነ፣ አድልዎም የሚፈለገው በየክፍሉ ነው።

በየክፍሉ ሲፈለግ መልኩ ተለወጠ። ብዙ አመልካች የነበራቸውን ስድስት ክፍሎች ብቻ ብንወስድ፣ በመጀመሪያው ክፍል ከ825 ወንዶች ከመቶ 62፣ ከ108 ሴቶች ግን ከመቶ 82 ገብተዋል። በስድስተኛው ከ373 ወንዶች ከመቶ 6፣ ከ341 ሴቶች ከመቶ 7 ገብተዋል። በሌሎቹም ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ ለወንዱ አንዳንዱም ለሴቷ ያጋደለ ነው። ታዲያ ጠቅላላው ለምን ተዛባ? በስድስቱ ክፍሎች ካመለከቱት 2,691 ወንዶች ውስጥ 1,385ቱ ያመለከቱት በቀላሉ ወደሚያስገቡት ሁለት ክፍሎች ነው። ከ1,835ቱ ሴቶች ግን ወደ እነዚያ ሁለት ክፍሎች ያመለከቱት 133 ብቻ ናቸው። የቀሩት ሴቶች በሙሉ የተሰለፉት በሩ ጠባብ በሆነበት ነበር።

ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው «አያዎ» የሚል ስም ሰጥተው ያልፉታል፤ ተማሪውም አንድ ብልኀት የተማረ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። በእኔ አስተያየት ይህ ጽሑፉን በግማሽ ማንበብ ነው። ደራስያኑ ራሳቸው እዚህ ላይ አላቆሙም። ሴቶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ባገኙት አስተዳደግና ትምህርት ብዙ ሰው ወደሚሻማባቸው፣ ገንዘብም ወደ ጐደላቸው ክፍሎች መገፋታቸውን ጠቁመዋል። ስለዚህ አድልዎው ጠፋ ማለት ሳይሆን፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ወደ ኋላ፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ቤተ ሰቡ ሄደ ማለት ነው። እዚያ ድረስ ተከትሎ የሚሄድ የስታቲስቲክስ ተማሪ ምን ዓይነት ሥልጠና ያስፈልገዋል? የፕሮባቢሊቲ ቀመር ብቻ ይበቃዋልን? አንድ የከፍተኛ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎቹ ከሰጠው ትምህርት ሁሉ ምናልባት የሚበልጠው በራሱ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ መዝገብ ላይ የተሠራው ይህ ጥናት ነው፤ የተገኘውም ከአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ጋር አብሮ በመቀመጥ ነው።

ከውስጥ የተነሣው ሁለተኛው ነቀፌታ የሊዮ ብራይማን ነው። ብራይማን በፕሮባቢሊቲ የታወቁ መምህር ነበሩ፤ በሎስ አንጀለስ የነበራቸውን የማስተማር ሥራ ትተው 13 ዓመት ያህል ለመንግሥትና ለኩባንያ በአማካሪነት ከሠሩ በኋላ በ1980 በርክሌይ ገቡ። በ2001 ስለ ሁለት የስታቲስቲክስ ባህሎች የጻፉት ጽሑፍ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ ከመቶ 98 የሚሆኑት የስታቲስቲክስ ሊቃውንት (ግምቱ የራሳቸው ነው) መረጃው ከአንድ የታወቀ ሞዴል የወጣ ነው ብለው አስቀድመው ይገምታሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ስለ ሞዴሉ እንጂ ስለ ተፈጥሮ አይደለም። ብራይማን በአማካሪነት ዘመናቸው በሎስ አንጀለስ አየር ውስጥ ያለውን የኦዞን መጠን ከ12 ሰዓት በፊት ለመተንበይ ሞክረው ሥራው እንዳልተሳካ በጽሑፉ ውስጥ ሳያፍሩ ይናገራሉ። የሰባት ዓመት መረጃ፣ ከ450 በላይ የሚሆኑ የአየር ጠባይ መለኪያዎች ነበሯቸው፤ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግን ሐሰተኛው በዛ። አንድ ፕሮፌሰር የከሸፈ ሥራውን እንዲህ አውጥቶ ሲያስተምርበት ማየት ደስ ያሰኛል።

ነገር ግን ከብራይማን ጋር እስከ መጨረሻው መሄድ አልቻልሁም። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ሞዴሉን ትቶ በኮምፒዩተር የሚተነብይ ስልት መሥራትና ስልቱንም በትንበያው ትክክለኛነት መመዘን ነው። ይህም ቢሆን ሠንጠረዡን እንደ ተሰጠ ይቀበለዋል። የመጀመሪያው ወገን ሠንጠረዡን በቀመር ሲጠይቀው፣ ሁለተኛው ወገን በማሽን ይጠይቀዋል፤ ሁለቱም የተቀመጡት ግን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ኮክስ ለጽሑፉ በሰጡት መልስ ይህን ነጥብ አግኝተውታል፤ መነሻው መረጃው መሆኑን ተቃውመው፣ እርሳቸው ከአንድ ጥያቄ ወይም ከአንድ ሳይንሳዊ ጉዳይ መነሣትን እንደሚመርጡ ገለጡ። ስለ ብራይማን ባህሎች ሲያወሩ ይህን መልስ የሚረሱት ብዙዎች ናቸው።

ከጠረጴዛው ተነሥተው ወደ ደጅ የወጡት ሦስተኛው ሰው ዴቪድ ፍሪድማን ናቸው። ፍሪድማንም እንደ ብራይማን በፕሮባቢሊቲ ንድፈ ሐሳብ ስም ያተረፉ፣ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ እስከ ሞቱበት እስከ 2008 ድረስ በርክሌይ የኖሩ መምህር ነበሩ። እንግዲህ ቀመር የሚጠሉት ስለማያውቁት ነው ሊባሉ አይችሉም። በ1991 ባሳተሙት ጽሑፍ በኅብረተሰብ ጥናት ውስጥ የተለመደውን የሪግሬሽን አጠቃቀም ክፉኛ ተችተው፣ በአንጻሩ ጫማውን እየጨረሰ ቤት ለቤት የዞረ አንድ ሐኪም አርአያ አድርገው አቀረቡ። ሐኪሙ ጆን ስኖው ነው። በ1854 በለንደን ኮሌራ ሲገባ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ውሃ ይቀዱ ነበር። ላምቤት የተባለው ኩባንያ የሚቀዳበትን ቦታ በ1852 ከከተማው ቈሻሻ በላይ ወዳለው የወንዙ ክፍል አዛውሮ ነበር፤ ሳውዝዋርክና ቮክስሆል የተባለው ግን በቀድሞው ቦታ ቀረ። ስኖው ሰው የሞተበትን ቤት እየጠየቀ ውሃው ከየትኛው እንደሚመጣ መዘገበ። ሳውዝዋርክና ቮክስሆል ከሚያጠጣቸው 40,046 ቤቶች 1,263 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ላምቤት ከሚያጠጣቸው 26,107 ቤቶች ደግሞ 98። ይኸውም በ10,000 ቤት 315 እና 37 መሆኑ ነው። ከማካፈል በላይ ሂሳብ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው ማንኳኳት ነበር።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ትምህርቱ መዘርዝር እንመለስ። በበርክሌይ የዶክተርነት ተማሪ ዋና ትምህርት በሦስት ዘርፍ የተደራጀ ነው፤ ፕሮባቢሊቲ፣ የስታቲስቲክስ ንድፈ ሐሳብና ተግባራዊ ስታቲስቲክስ። ከዚህም ሌላ ተማሪዎቹ በመምህር ተቈጣጣሪነት የሌላ ክፍል ተመራማሪዎችን የሚያማክሩበት ሥራ አለ፤ ይህን ሳላመሰግን አላልፍም፤ የባዮሎጂው ሰው መረጃውን ይዞ ሲመጣ ተማሪው ቢያንስ አንድ ጊዜ አኃዙን ከለቀመው ሰው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛልና። የማስተርስ ዲግሪው ደግሞ ሁለት ሴሚስተር የሚፈጅ ሆኖ፣ ተማሪውን ለዶክተርነት ሳይሆን ለኢንዱስትሪ ሥራ የሚያዘጋጅ ነው።

ነቀፌታዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተግባራዊው ትምህርት ከሦስት ዘርፎች አንዱ ሆኖ መቀመጡ አሳሳች ነው። አንድ ቤት ሦስት ክፍል ሲኖረው በሩ ከክፍሎቹ እንደ አንዱ አይቈጠርም። የአኃዝን አመጣጥ መመርመር በንድፈ ሐሳቡም ውስጥ፣ በፕሮባቢሊቲውም ውስጥ መግባት አለበት እንጂ፣ «ይህ የእገሌ ትምህርት ነው» ተብሎ ለአንዱ መምህር የሚተው መሆን የለበትም። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ ያሳስበኛል። ዕድሜውን ሙሉ ከመረጃ ጋር የሚውለው የማስተርስ ተመራቂ ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ዘጠኝ ወር ያህል ነው። በዘጠኝ ወር ውስጥ ቀመሩንና የኮምፒዩተሩን ሥራ ማስጨበጥ ይቻል ይሆናል፤ መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ ሰው ጠይቆ፣ መልሱ ለምን እንዳልተስማማ ተመልሶ መመርመር ግን ጊዜ የሚበላ ነገር ነው፤ ጊዜ ሲያጥርም መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው። ለዚህ የበርክሌይ መምህራን ብቻ ተወቃሾች አይደሉም፤ የአንድ ዓመት ማስተርስ በየአገሩ እየተለመደ መጥቷል።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በስታቲስቲክስ ለማስተርስ ከሚቀርቡት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚመሠረቱት ተዘጋጅቶ በሚገኘው የኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መረጃ ላይ ነው፤ ይኸውም በ2000፣ በ2005፣ በ2011ና በ2016 የተደረገው ነው። ጥናቱ ኔይማን ባቀኑት የናሙና መንገድ የተሠራ፣ በጣም ጠቃሚ ሥራ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የተሳሳትሁት እኔው ነኝና የማማው ሰው የለም።

የ2016ቱን መዝገብ በኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍት ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ዓመት 2008 የሚል አገኘሁ። የተሳሳተ መዝገብ የወረድሁ መስሎኝ ግማሽ ቀን ሙሉ ሌላ ፈለግሁ። በመጨረሻ ነገሩ ሲገባኝ አፈርሁ፤ 2008 ማለት የእኛው 2008 ዓ.ም. ነው። ጠያቂዋ የጠየቀችው በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች፣ እናትየዋም የልጇን ልደት የመለሰችው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ መዝገቡም እንደ ተነገረው ተቀመጠ። ከጥር እስከ ሰኔ የተጠየቀ ሰው ሌላ ምን ይላል? እኔ ግን መጻሕፍቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ስላነበብሁ፣ በሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ዘመን የፈረንጅ ካልሆነ ዘመን አልመስል ብሎኝ ነበር።

ጉዳዩ ከእኔ እፍረት ያለፈ ነው። በመዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ልደት የሚቀመጠው በወር ቍጥር ነው፤ ወደ አውሮፓ አቈጣጠር ለማምጣት 92 ወር፣ ማለትም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መደመር ያስፈልጋል። በመስከረም 1995 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ሳይደመርለት ቢቀር፣ በጃንዋሪ 1995 እንደ ተወለደ ይቈጠራል፤ በእውነቱ ግን የተወለደው በሴፕቴምበር 2002 ነው። የሕፃናትን ቁመትና ክብደት ብቻ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ላይታወቀው ይችላል፤ መጠይቁም ልደቱም በአንድ አቈጣጠር ስለ ሆኑ ዕድሜው ትክክል ይወጣለታልና። ልደትን ከዝናብ መዝገብ ጋር ለማገናኘት የተነሣው ግን፣ የ2002ና የ2003ቱ ድርቅ ያገኘውን ሕፃን ከሰባት ዓመት በፊት በዘነበ ዝናብ ያጠግበዋል። ከዚያም ቀመሩን በትክክል ያሰላል፤ ድርቁ በሕፃናት ላይ ያደረሰው ጕዳት አልተገኘም ብሎ ይጽፋል፤ ፈታኞቹም ቀመሩን አይተው ያሳልፉታል። ስለ ጳጉሜስ ማን ጠየቀ? ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር በሚቈጥር መዝገብ ውስጥ አሥራ ሦስተኛው ወር የት ገባ?

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላም አለ። ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ በ30፣ በ35፣ በ40 ላይ እንደሚከማች በሕዝብ ቈጠራችንም በናሙና ጥናቶችም የታወቀ ነው። በመማሪያ ክፍል ይህ «የዕድሜ ክምችት» ተብሎ የሚታረምበት ቀመር ይሰጣል። ቀመሩ ጥሩ ነው። ነገር ግን ገጠር ሄዶ አንዲት ሴት ዕድሜዋን ስትቈጥር ያየ ተማሪ፣ ከቀመሩ ሌላ የተወለደችበትን ዓመት በምን ነገር እንደምታስታውስ፣ በንጉሡ ጊዜ ነው፣ በድርቁ ጊዜ ነው፣ እገሌ በተሾመበት ዓመት ነው እያለች እንዴት እንደምትቈጥር ይማራል። ይህንንም ሲማር መጠይቁ እንዴት መጻፍ እንደነበረበት ያውቃል።

በመጨረሻም የምጠይቀው በጣም ትልቅ ነገር አይደለም። አዲስ ኮርስ ይከፈት አላልሁም፤ ከንድፈ ሐሳቡም አንዲት ምዕራፍ ትቀነስ አላልሁም፤ ፍሪድማንም ብራይማንም ትምህርቱን ሊነቅፉ የቻሉት ንድፈ ሐሳቡን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው። የምጠይቀው በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ሁለት ነገር እንዲጨመር ነው። አንደኛው፣ የሌላ ሰው መረጃ የተጠቀመ ተማሪ አኃዙ በማን፣ መቼ፣ በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ዘመን አቈጣጠር እንደ ተሰበሰበ የሚናገር አንድ ምዕራፍ ከቀመሩ በፊት እንዲጽፍ፤ የሚቻል ከሆነም መረጃውን ከሰበሰቡት ጠያቂዎች ቢያንስ አንዱን አግኝቶ እንዲያነጋግር። ሁለተኛው፣ ፈታኞቹ መምህራን የሞዴሉን ውጤት ከማየታቸው በፊት የመጠይቁን ቅጂ በጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀርቡና ከእርሱ አንዱን ጥያቄ መርጠው፣ ተማሪው ቤት አንኳክቶ እንደሚጠይቅ ሆኖ በአማርኛ ወይም በሚያውቀው የአገሩ ቋንቋ ለእነርሱ እንዲጠይቃቸው ነው። ይህን ለመጀመር የሴኔት ውሳኔ አያሻም፤ በሚመጣው ሰኔ የሚፈትኑት ሁለት መምህራን ቢስማሙ ይበቃል።